የቤት አውቶሞቢል ተሳቢ ሲጎትት

አሜሪካ ውስጥ ለትንንሽ አውቶሞቢሎች የሚሸጠው መጎተቻ ብረት 2,000 ፓውንድ የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ይመጣል፤ 907 ኪሎ መሆኑ ነው። ገዢው ይህን አይቶ «መኪናዬ 900 ኪሎ ትጎትታለች» ብሎ ይደመድማል። ቁጥሩ የሚናገረው ግን ስለ ብረቱ ብቻ ነው። ያው ብረት የተገጠመላት መኪና በአምራቿ የተፈቀደላት 1,000 ፓውንድ (454 ኪሎ) ሊሆን ይችላል። ጭራሽ ምንም እንዳትጎትት የተከለከለችም አለች። ብረቱ፣ ኳሱ፣ የኳሱ መያዣ፣ ተሳቢውና መኪናዋ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ወሰን አላቸው፤ የሚሠራው ከሁሉም ትንሹ ነው። ይህ ትንሹ ቁጥር ከየት እንደሚመጣ፣ በኋላ መቀመጫ ልጆች ይዞ የሚጓዝ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

ተሳቢ ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን በጅቡቲ መንገድ የሚመላለሰው ከባድ መኪና ነው። የከባድ መኪና አካል የተቀመጠው ከጫፍ ጫፍ በተዘረጉ ሁለት ወፍራም የብረት ወራጆች ላይ ነው፤ ሻንሲ የምንለው እሱን ነው። መጎተቻው እዚያ ላይ ሲታሰር ጉተታው በቀጥታ ወደ ወራጆቹ ይሄዳል። የቤት አውቶሞቢል እንዲህ ያለ ሻንሲ የላትም። ጣሊያናዊው ላንቺያ በ1922 እ.ኤ.አ. ላምብዳን፣ ፈረንሳዊው ሲትሮየን ደግሞ በ1934 ትራክሲዮን አቫንን ካወጡ ወዲህ እየተስፋፋ በመጣው አሠራር፣ አካሉ ራሱ ሸክሙን ይሸከማል። ቆርቆሮው ስስ ነው፤ ጥንካሬውን የሚያገኘው በሳጥን ቅርጽ ታጥፎ እርስ በርሱ በመበየዱ ነው።

የኋላው ጫፍ ደግሞ ሆን ተብሎ እንዲጨማደድ የተሠራ ነው። የመርሰዲስ መሐንዲስ የነበረው ቤላ ባሬኒ ይህን ሐሳብ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በፓተንት አስመዘገበ፤ በ1959 ድርጅቱ በሐሳቡ መሠረት የተሠራች መኪና ለገበያ አቀረበ። በግጭት ጊዜ የፊትና የኋላ ጫፎች እየታጠፉ ኃይሉን ይበላሉ፣ ሰው የተቀመጠበት መሐል ይተርፋል። መጎተቻው እንግዲህ የሚታሰረው እንዲታጠፍ ተብሎ በተሠራው ክፍል ላይ ነው። ከፓራውልቱ ወጥቶ የሚታየው የኳስ መያዣ ተነቃይ የሆነውም በከንቱ አይደለም። ተሳቢ በማይጎተትበት ቀን ካልተነቀለ፣ ከኋላ የሚመጣ መኪና መጀመሪያ የሚያገኘው ያንን ጠባብ ብረት ነው፤ በሰፊው ፓራውልት ላይ ይበተን የነበረው ምት በአንዲት ቦታ ተጠራቅሞ ይገባል።

አሜሪካኖች መጎተቻዎችን በደረጃ ከፍለዋቸዋል። ለቤት አውቶሞቢል የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ አንደኛው ደረጃ ነው፤ አንድ ኢንች ከሩብ ስፋት ያለው አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለው፣ እስከ 2,000 ፓውንድ መሳብና 200 ፓውንድ (91 ኪሎ) ወደ ታች መሸከም ይችላል። ሁለተኛው ደረጃ 3,500 እና 350 ፓውንድ ነው። ኳሶቹም ልካቸው ይለያያል፦ አንድ ኢንች ከሰባት ስምንተኛ፣ ሁለት ኢንች፣ ከዚያም ከፍ ያለ። አውሮፓ ውስጥ ሁሉም 50 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ኢንች የሚፈልግ ተሳቢ በአነስተኛው ኳስ ላይ ቢቀመጥ የተያያዘ ይመስላል፤ አንድ ጉድጓድ ሲያነጥረው ግን ሊወልቅ ይችላል።

ከሁለቱ ቁጥሮች ለቤት አውቶሞቢል ከባዱ ሁለተኛው፣ ወደ ታች የሚጫነው ነው። ባለ አንድ አክስል ተሳቢ በትክክል ሲጫን ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በኳሱ ላይ እንዲያርፍ በአሜሪካ ይመከራል። ይህን የኳስ ጫና እንበለው። ተሳቢው 900 ኪሎ ከሆነ የኳስ ጫናው ቢያንስ 90 ኪሎ ይሆናል። ኳሱ ያለው ግን ከኋላ ጎማዎች በላይ ሳይሆን ከእነሱ አንድ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ወጣ ብሎ ነው። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል 2.8 ሜትር፣ ከኋላ ጎማ እስከ ኳሱ 1.2 ሜትር ያላትን መኪና እናስብ። የኋላው ጎማ መደገፊያ ሆኖ ኳሱ ወደ ታች ሲጫን የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 90 በ1.2 ተባዝቶ ለ2.8 ሲካፈል 39 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ከፊት ጎማዎች ላይ 39 ኪሎ ተነሥቶ ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው፤ የኋላ ጎማዎች ከ90 ኪሎው በተጨማሪ ይህንንም ይሸከማሉ፣ በድምሩ 129 ኪሎ።

የዛሬዎቹ የቤት አውቶሞቢሎች አብዛኞቹ የሚነዱት በፊት ጎማ ነው። መሪው የሚያዞረውም፣ ፍሬኑ አብዝቶ የሚይዘውም የፊት ጎማዎችን ነው። ሸክሙ በጨመረበት ሰዓት ሥራው ሁሉ ያለባቸው ጎማዎች ቀለሉ። በዝናብ ቀን ሽቅብ ሲወጡ ያለ ፋይዳ የሚሽከረከሩት፣ ማታ ደግሞ የፊት መብራቱ ከመንገዱ ተነሥቶ በትይዩ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን የሚወጋው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም ሒሳብ አለ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። በአሜሪካ መኪኖች ላይ የሾፌሩ በር ሲከፈት በምሰሶው ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይታያል፤ የተሳፋሪና የጭነት ድምር ከዚህ አይለፍ የሚል። በአንዲት መካከለኛ ሰዳን ላይ 850 ፓውንድ (385 ኪሎ) ይላል እንበል። የኳስ ጫናው የሚቆረጠው ከዚሁ ነው፤ መኪናዋ እንደ አንድ ተጨማሪ ተሳፋሪ ትቆጥረዋለች። አባትና እናት 75፣ 75፣ ሦስት ልጆች በአማካይ 40 ኪሎ ቢመዝኑ 270 ሆነ። መጎተቻው ብረት ራሱ 15 ኪሎ ያህል አለው። የኳስ ጫናው 91 ቢሆን ድምሩ 376 ይደርሳል። ለሻንጣ፣ ለስንቅና ለውሃ የተረፈው 9 ኪሎ ብቻ ነው። ሞተሩ ገና አቅም አለው፣ ብረቱም አልጎበጠም፤ መኪናዋ ግን ሞልታለች። እኔ እንደማምነው የቤተሰብ መኪና ላይ መጀመሪያ የሚያልቀው ይህ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ መታየት ያለበትም ከሞተር ጉልበት በፊት ይህ ወረቀት ነው።

እዚህ ላይ አንዳንዱ «እንግዲያው ጭነቱን ወደ ተሳቢው ኋላ ብገፋው የኳስ ጫናው ይቀንስልኝ የለም?» ይላል። ይቀንሳል። ግን ከዚህ የከፋ ውሳኔ የለም።

ምክንያቱን ለማየት ተሳቢውን በመንገድ ላይ እንከተለው። ከባድ መኪና ሲያልፍ ነፋሱ ይገፋዋል፣ ወይም ሾፌሩ መሪውን ትንሽ ያዞራል፤ ተሳቢው በኳሱ ዙሪያ ወደ ጎን ይወዛወዛል። በዚያች ቅጽበት ጎማዎቹ ከሚንከባለሉበት አቅጣጫ ጥቂት ዞር ይላሉና አስፋልቱን እየቧጠጡ ይመልሱታል። ውዝዋዜውን የሚያበርደው ይህ መቧጠጥ ነው፤ መጠኑም በመዞሩ ማዕዘን ይወሰናል። ማዕዘኑ ደግሞ የሚመጣው የጎን ፍጥነቱ ከወደ ፊት ፍጥነቱ ጋር ሲነጻጸር ነው። ተሳቢው በሰከንድ 1 ሜትር ወደ ጎን ቢሄድ፣ በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ላይ ማዕዘኑ 4 ዲግሪ ይጠጋል። በሰዓት 108 ላይ ያው ውዝዋዜ 2 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚያበርደው ኃይል በግማሽ ይወርዳል ማለት ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ መኪናና ተሳቢ አንድ ወሳኝ ፍጥነት አለው። ከእሱ በታች ውዝዋዜው እየሞተ ይሄዳል። ከእሱ በላይ እያንዳንዱ ውዝዋዜ ከቀደመው ይበልጣል፤ ጥቂት ሰከንድ ሳይቆይ ተሳቢው የመኪናዋን ጅራት ይዞ ያዞራታል። ይህን ወሳኝ ፍጥነት ዝቅ የሚያደርገው ዋና ነገር ወደ ኋላ የተጫነ ዕቃ ነው። የክብደቱ መሐል ከተሳቢው ጎማ በስተኋላ ሲሆን፣ ጅራቱ አንዴ መውጣት ከጀመረ ክብደቱ ራሱ ይገፋዋል። የኳስ ጫናው ስለቀነሰ ደግሞ የመኪናዋ የኋላ ጎማዎች መሬቱን በቀድሞው ጥንካሬ አይዙም። ከባድ ዕቃ በሁለቱም ጫፍ ከተቀመጠ ሚዛኑ ልክ ሆኖ እንኳ ውዝዋዜው በቀላሉ አይቆምም፤ ከባዱ ዕቃ ወደ ጎማው መጠጋት አለበት።

ቤት ለሚቀይር ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው። ማቀዝቀዣውና የመጽሐፍ ካርቶኑ ስለሚከብዱ መጨረሻ ይገቡና በሩ ሥር ይቀራሉ፤ መሆን የነበረበት ግን ቀድመው መግባታቸው ነው። በ1945 የተመሠረተው የኪራይ ድርጅት ዩ-ሆል ከጭነቱ 60 በመቶው ከተሳቢው የፊት ግማሽ ላይ እንዲሆን፣ ፍጥነቱም በሰዓት ከ55 ማይል (88 ኪሎ ሜትር) እንዳይበልጥ ለተከራዮቹ ይነግራል። በካሊፎርኒያ 55 ማይል ተሳቢ ለሚጎትት ሁሉ ሕግ ነው። 55ን ትቶ በ70 ማይል የሚሄድ ሰው በፍሬን ማብረድ ያለበት ጉልበት ከ60 በመቶ በላይ ይጨምራል፤ ጉልበቱ በፍጥነቱ ካሬ ያድጋልና።

አንባቢ በአውሮፓ ባሉ ዘመዶቹ ዘንድ ተመሳሳይ መኪና ከአንድ ቶን በላይ ስትጎትት አይቶ ይሆናል፤ በአሜሪካ ግን የእሷ መመሪያ መጽሐፍ «አይመከርም» ይላል። ልዩነቱ ከብዙ በኩል ይመጣል። ጀርመን ውስጥ ተሳቢ የሚጎትት አውቶሞቢል በ80 ኪሎ ሜትር ይወሰናል፤ ልዩ ፈቃድ ያለው ብቻ 100 ይሄዳል። ፍጥነቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ አነስ ያለ የኳስ ጫና ይበቃል፣ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነው ተሳቢም የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ግዴታ ነው። አሜሪካኖች ደግሞ ጄ2807 በተባለው የመሐንዲሶች ደረጃ ሲለኩ፣ አንዱን ፈተና የወሰዱት በአሪዞና ዴቪስ ዳም አጠገብ ካለው 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚሆነው ዳገት ነው፤ ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳያንስ፣ የማቀዝቀዣ አየሩ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ። እንዲህ ባለ ዳገት የሚሰቃየው ካምቢዮው ነው። ዘይቱ ከልክ በላይ ሲግል ማለስለሱን ያቆማል፤ በተለይ ሲቪቲ የተባለው፣ በቀበቶና በሾጣጣ ጎማዎች የሚሠራው ካምቢዮ ሙቀትን አይወድም።

መጎተቻውን መግጠም ራሱ ከተወራለት ይቀላል። ለመኪናዋ ሞዴል ተለክቶ የተሠራ ብረት ከተገዛ አብዛኛውን ጊዜ መበየድ አያስፈልግም፤ መበየድም አይገባም። የዛሬ መኪና ብረት ከፊሉ ጥንካሬውን ያገኘው በሙቀት ተሠርቶ ስለሆነ ብየዳው ያለሰልሰዋል፣ የነዳጅ ታንኩም ብዙ ጊዜ ቅርብ ነው። ማርሚታው ከተሰቀለበት ጎማ ወርዶ ዝቅ ይላል፣ ብሎኖቹ በሳጥኑ ወራጅ ቀዳዳ ውስጥ በጥምዝ ሽቦ እየተሳቡ ይወጣሉ፣ ብረቱ ተነሥቶ በዳዶ ይያዛል። አንዱ ሰው ሲይዝ ሌላው ያስራል። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ መኪናዋ በመደገፊያ ላይ ትቁም። ዋናው ነገር ማጥበቁ ነው፦ ኃይሉን በሚለካ ቁልፍ፣ በመመሪያው በተጻፈው ልክ። ያልጠበቀ ብሎን በየጉዞው እየተንቀሳቀሰ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ከልክ ያለፈውም ስሱን ሳጥን ይጨፈልቃል።

መብራቱ በአራት ሽቦ ይገናኛል፦ ነጩ መሬት፣ ቡናማው የጅራት መብራት፣ ቢጫው የግራ ፍሬቻና ፍሬን፣ አረንጓዴው የቀኝ። በብዙ መኪኖች ፍሬቻና ፍሬን ለየብቻ ስለሆኑ አዋሃጅ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ኃይሉን በራሱ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪ የሚወስደው ይመረጣል፤ ምክንያቱም የመኪናዋ የመብራት መስመር የተለካው ለራሷ አምፖሎች ነው። የደኅንነት ሰንሰለቶቹ በመጎተቻው ሥር ተጠላልፈው ይታሰሩ። ተሳቢው ቢወልቅ አፍንጫው አስፋልት ላይ ሳይወድቅ በእነሱ ላይ ያርፋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ተሳቢው መወዛወዝ ቢጀምር፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝና እግርን ከነዳጅ ማንሣት ነው። በመሪ እየተከተሉ ለማረም መሞከር ውዝዋዜውን ያባብሳል፤ የመኪናዋን ፍሬን በድንገት መርገጥም እንዲሁ።

በአሜሪካ የከባድ መኪና ማረፊያዎች ውስጥ እያንዳንዱን አክስል ለየብቻ የሚመዝኑ ሚዛኖች አሉ፤ በረጅም ርቀት የጭነት ሥራ ላይ ያሉ ወገኖቻችን በየቀኑ የሚቆሙባቸው ናቸው። ክፍያው ብዙ አይደለም። ቤተሰብዎን አሳፍረው፣ ተሳቢውን ጭነው፣ ከከተማ ከመውጣትዎ በፊት እዚያ ላይ ያቁሟት፤ ሚዛኑ የሚሰጥዎትን ወረቀት በሾፌሩ በር ላይ ከተጻፈው የአክስል ወሰን ጋር ያስተያዩ፤ ከበለጠ ዕቃ ያውርዱ።