መብራትም ውርጭም በነጻ ተሰናበቱ

መንዝ ውስጥ ኮምፒውተር ስታክ ባደረገ ቁጥር ተከሳሾቹ ሁለት ናቸው፤ መብራትና ውርጭ። መብራቱ እንደሆነ ይቆራረጣል። መሃል ሜዳ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናትና በኅዳር ንጋት ሜዳው ነጭ ሆኖ ያድራል። ስለዚህ ለጥገና ስጠራ ፍርዱ ተሰጥቶ ይጠብቀኛል፤ "ብርዱ ነው የያዛቸው" ይሉኛል። እኔ ግን ከጌራ ምድር እስከ ግሼ ራቤል፣ ወረድ ብዬም እስከ መርሐቤቴ ዓለም ከተማ ማሽን ስከፍት የኖርኩ ሰው ነኝና ያለ ምክንያት የሚቆም ኮምፒውተር አላጋጠመኝም።

አንድ ትምህርት ቤት ርካሽ ላፕቶፖች ነበሩት። የፈቃድ ክፍያ ስለሌለበት ኡቡንቱ ሊኑክስ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ተጭኖባቸው፣ 14.04 በተባለው ስሪት ያለ እንከን ሠርተዋል። ወደ 16.04 ከተሸጋገሩ በኋላ ግን መቆም ጀመሩ። ማውሱ አይላወስም፣ ኪቦርዱ አይሰማም፣ ማጥፊያውን ጫን ብሎ ከማጥፋት በቀር መላ የለም። አንዱ ጠዋት ይቆማል፣ ሌላው ቀኑን ሙሉ ውሎ ወደ ማታ፤ ሁሉም በሰላም የሚውሉበትም ቀን አለ።

"መምህር፣ ከመቼ ወዲህ ነው?" አልኩት የአይሲቲ አስተማሪውን።

"ኧረ አፕዴቱ ሳይገባ በፊት እንዲህ ሆነው አያውቁም" አለኝ።

ከአፕዴቱ ጋር የተቀየረው ዋናው ነገር ከርነሉ ነው። ከርነል በፕሮግራሞቹና በማሽኑ አካላት መካከል የሚቆም ክፍል ነው፤ ማን ፕሮሰሰሩን ይጠቀም፣ ማን ስንት ራም ይውሰድ፣ ምን ወደ ዲስኩ ይጻፍ የሚለውን ይወስናል። በድግስ ቤት አሳላፊው ድንገት ቆሞ ቢቀር ወጡ ቢደርስም እንግዳው ቢራብም የሚንቀሳቀስ ነገር አይኖርም፤ ከርነል ሲቆምም እንደዚያው ነው። የሊኑክስን ከርነል እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው፤ ያኔ በሄልሲንኪ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ዛሬ በእጃችሁ ያለው አንድሮይድ ስልክም የሚሠራው በዚሁ ከርነል ነው።

መጀመሪያ የማየው የካፕስ ሎክን መብራት ነው። ስክሪኑ ቆሞ ካፕስ ሎክን ስጫን መብራቱ በርቶ ከጠፋ ከርነሉ አለ፤ የቆመው ከላይ ያለው ፕሮግራም ወይም የስክሪኑ ድራይቨር ነው። መብራቱ ካልተለወጠ ግን ችግሩ ከሥር ነው። የትምህርት ቤቱ ላፕቶፖች አልመለሱም። ቀጥሎ በስክሪኑ ጥግ ያለችውን ሰዓት አየሁ። ማሽን ሲቆም ሰዓቷም በቆመችበት ደቂቃ ላይ ትቀራለች። የአንዱ ላፕቶፕ ሰዓት የቀረችው የእረፍት ደወል ከተደወለ በኋላ ነበር፤ ተማሪዎቹ ሜዳ ላይ ነበሩ፣ ማሽኑን የነካው ሰው አልነበረም። ከባድ ሥራ አላቆመውም ማለት ነው።

መብራት በነጻ የተሰናበተው ገመዱን ነቅዬ በባትሪ ሳሠራቸው ነው፤ በባትሪም ቆሙ። ውርጭን ነጻ ያወጣችው ዓለም ከተማ ናት። ከመሃል ሜዳ በብዙ ዝቅ ያለችና ሞቅ ያለች ከተማ ናት፤ እዚያም ያንኑ ዓይነት ላፕቶፕ በዚያው ስሪት አሠርቼ ስታክ ሲያደርግ አይቻለሁ።

ከዚያ ወደ መዝገቡ ገባሁ። ሊኑክስ የሚሠራውን እየመዘገበ ይሄዳል፤ ከመጨረሻው መነሳት በፊት የሆነውን መልሶ ማንበብ ይቻላል። አንዳንድ ጊዜ ከርነሉ ራሱ ይናገራል፤ አንድ የፕሮሰሰር ክፍል ከ20 ሰከንድ በላይ ተጠምዶ ለሌላ ሥራ ካልተለቀቀ "ሶፍት ሎክአፕ" የሚል ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ዲስክ ሲበላሽም የማንበብ ስሕተት በተደጋጋሚ ይታያል። በእነዚህ ላፕቶፖች መዝገብ ውስጥ ግን ምንም አልነበረም፤ ተራ መስመር ላይ ተቋርጦ ቀጣዩ መስመር የአዲስ መነሳት ነው። ከርነሉ ለመጻፍ እንኳ ጊዜ አላገኘም።

ቁርጡን የነገረኝ የድሮው ከርነል ነው። ኡቡንቱ አዲስ ከርነል ሲጭን የቀድሞውን ወዲያው አያጠፋውም። ማሽኑ ሲነሳ ሺፍት ወይም ኢስኬፕ ሲጫኑ ግራብ የሚባለው ዝርዝር ይመጣል፤ "አድቫንስድ ኦፕሽንስ" ውስጥ ገብቶ የቆየውን መምረጥ ይቻላል። ግማሾቹን ላፕቶፖች በድሮው 3.13፣ ግማሾቹን በአዲሱ 4.4 አስነሥቼ እንዲሠሩ ተውኳቸው። ሌላ ምንም አልነካሁም። አዲሱ ላይ ያሉት ቆሙ፣ ድሮው ላይ ያሉት አልቆሙም። ራሙም ዲስኩም ያው ነው፤ ልዩነቱ ከርነሉ ብቻ ነው።

የማሽኖቹ ፕሮሰሰር ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው፣ ለርካሽ ላፕቶፖች የተሠራው ቤይ ትሬይል ነው። ማንኛውም ዘመናዊ ፕሮሰሰር ሥራ ሲቀንስ ባትሪ ለመቆጠብ ደረጃ በደረጃ ራሱን ያስተኛል። ቤይ ትሬይል ከአዳዲሶቹ ከርነሎች ጋር ሲሆን ከጥልቁ እንቅልፍ ሳይነቃ የሚቀርበት ጊዜ ነበር። እኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ያየነውን በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው አይቶታል፤ በሊኑክስ ከርነል የብልሽት መዝገብ ላይ ቁጥር 109051 ተብሎ የታወቀ ጉዳይ ነው። መፍትሔውም አንድ መስመር ነበር፤ ግራብ ውስጥ "ማክስ ሲስቴት" የሚባለውን 1 ማድረግ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ በጥልቀት እንዳይተኛ መከልከል። ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ማሽኖቹ ግን መቆም አቆሙ።

ሁሉም ስታክ የዚህ ዘመድ አይደለም። በድሮው ከርነልም የሚቆም ማሽን ካጋጠማችሁ ከርነሉን ትታችሁ ራሙን በሜምቴስት አስፈትሹ፣ ዲስኩን እዩ፣ ፓወር ሰፕላዩን ቀይሩ። የድሮውን ከአዲሱ እያነጻጸሩ መፈለግ ግን የከርነል ሠሪዎቹም ራሳቸው የሚያስኬዱት ፍለጋ ነው። በሁለት ስሪቶች መካከል 10,000 ለውጥ ቢኖር መሃሉን ይሞክራሉ፤ ከቆመ ጥፋቱ ከበፊተኛው ግማሽ ነው፣ ካልቆመ ከኋለኛው። እንዲህ ለሁለት እየከፈሉ በ14 ሙከራ ገደማ አጥፊዋን አንዲት ለውጥ ያገኟታል።

ስለዚህ ኮምፒውተር ክፍል የምትይዙ መምህራን ሆይ፣ ዲስክ ጠበበ ብላችሁ የቀድሞውን ከርነል አታጥፉ፤ ሁሉንም ማሽን በአንድ ቀን አፕዴት አታድርጉ። የሚቆም ካለም ቀኑን፣ የከርነሉን ስሪትና የካፕስ ሎኩን ነገር ደብተር ላይ ጻፉ። "ዝም ብሎ ቆመ" ካላችሁኝ ያንን ሁሉ ዳገት መውጣቴ ነው፤ እነዚህን ከነገራችሁኝ ግን ብዙውን በስልክ እንጨርሰዋለን።