የየካ ወንበሮች

ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ተነሥቶ በፈረንሳይ ለጋሲዮን ቁልቁል ወርዶ በመገናኛ በኩል ወደ ኮተቤ የሚዘረጋው ሰፊ ምድር የካ ክፍለ ከተማ ተብሎ በአስተዳደር መዝገብ የሰፈረው አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በ10 ክፍለ ከተሞች ስትከፈል ነውና፣ በዚያው ምድር ካለው ከዋሻ ሚካኤል ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን ጋር ሲመዘን ገና ጨቅላ ነው። የአንድን አካባቢ የምርጫ ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ማን ከማን ተወዳድሮ ስንት ድምፅ እንዳገኘ ለመዘርዘር ይዘጋጃል፤ በየካ ግን ይበልጥ የሚገኘው ማን መራጭ ተባለ፣ ወሰኑስ ወዴት ተዛወረ የሚለው ነገር ነው።

በዘመነ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የማዘጋጃ ቤቱን አማካሪዎች ለመምረጥ የሚበቃው ቤትና ቦታ ያለው ሰው ስለ ነበረ፣ ከእንጦጦ ጫካ ጭራሮ ተሸክማ የምትወርደው ሴትና የሰው ቤት ተከራይቶ የሚኖረው ወዛደር በከተማው ጉዳይ ላይ ቃል አልነበራቸውም። የሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን በመንግሥት እጅ አድርጎ ነዋሪውን በቀበሌ ማኅበር ሲያደራጅ ግን ነገሩ ተገላበጠ፤ የትናንቱ ተከራይ ለቀበሌ ሹመት ሲታጭ፣ ትርፍ ቤቱ የተወረሰበት ባለጸጋ ለጊዜው ከተመራጭነት ተገለለ። ይህ መገላበጥ ፍትሐዊ መስሎ የታያቸው ብዙዎች ነበሩ፤ ያው ቀበሌ ብዙም ሳይቆይ አብዮት ጥበቃን አስታጥቆ በር ማንኳኳት ሲጀምር ግን የምርጫው ደስታ ወደ ፍርሃት ተለወጠ።

ከረጅም ዓመታት በኋላ እውነተኛ የምርጫ ፉክክር የታየው በግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። ተቃዋሚው ቅንጅት ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን ወሰደ። እዚህ ላይ ስለ ሥርዓቱ አንድ ነገር መግለጽ ያሻል፤ ይኸውም ከተማዋ በ23 የምርጫ ክልሎች ተከፍላ፣ መራጩ በአንድ ወረቀት ላይ ብዙ እጩዎችን ስለሚመርጥ፣ በየክልሉ ጥቂት ብልጫ ያለው ወገን ወንበሩን ሁሉ ጠቅልሎ ይሄዳል፤ ተሸናፊው ያገኘው ድምፅ፣ ምንም ያህል ቢበዛ፣ በምክር ቤቱ ውስጥ አይታይም። ለከንቲባነት የታጩት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ መንበራቸውን ሳይዙ ታሰሩ፤ ከተማዋም በ1998 ዓ.ም. ለባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች።

የ2000 ዓ.ም. ምርጫ ሲመጣ የቀበሌ ምክር ቤት 300 አባላት እንዲኖሩት ተወስኖ ስለ ነበር፣ ለአንድ ቀበሌ 300 እጩ ማቅረብ የሚችል ድርጅት ከገዢው ከኢሕአዴግ በቀር አልተገኘም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በእኔ አስተያየት ይህ ቁጥር ከማንኛውም ክልከላ ይልቅ የተቃዋሚውን በር የዘጋ ነው፤ ሕዝብን ለማሳተፍ የተባለው ስፋት ውድድርን አጠበበ። በ2003 ዓ.ም. ገደማ ቀበሌዎቹ በወረዳ ተተኩ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ 33 ፓርቲዎች ከምርጫው ራሳቸውን አገለሉ።

በዚያ ዓመት የተመረጡት የወረዳ ምክር ቤቶች የአምስት ዓመት ዘመናቸው በ2010 ዓ.ም. ሲያበቃ ምርጫው ተራዘመ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የየካ ሰው በዝናም ወቅት ተሰልፎ ለተወካዮች ምክር ቤትና ለከተማው ምክር ቤት ድምፁን ሰጠ፤ ገዢው ብልጽግና ፓርቲም የከተማውን 138 ወንበሮች በሙሉ ያዘ። በዚያው ዓመት ከየካና ከቦሌ ተቆርጦ ለሚ ኩራ የሚባል 11ኛ ክፍለ ከተማ በመቋቋሙ የየካ ምሥራቃዊ ወሰን ተቀነሰ፤ መታወቂያ የሚሰጠውና ስለ ቦይና ስለ መንገድ የሚጠየቀው የወረዳ አስተዳደር ምክር ቤት ግን በምርጫው ቀን ለመራጩ አልቀረበም።