ትኬት ብቻውን የማያሻግራት መርከብ፤ የጣና የሕዝብ ማመላለሻ በምን ገንዘብ ይዝለቅ?

ባሕር ዳር፦ ጣና 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ በውስጡም ከ30 በላይ ደሴቶችን የያዘ ሐይቅ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላንና ደልጊን እየነካ ጎርጎራ የሚደርሰው የመርከብ መስመር ለአካባቢው ሕዝብ ለረጅም ዘመን እንደ መንገድ ሲያገለግል ቆይቷል። የዳርቻው ነዋሪ መርከቡ ቢቀርበት፣ ዙሪያ ጥምጥም ቢሆንም በመኪና ይጓዛል። ለደሴቱ ነዋሪ ግን የሚቀረው የደንገል ታንኳ ወይም አነስተኛ ጀልባ ነው። ምጥ የጠናባት እናት፣ ለገበያ የደረሰ ፍራፍሬ፣ ለመኸር የሚፈለግ ማዳበሪያ ሁሉም የሚጠብቁት ያንኑ መርከብ ነው።

ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ረጅሙን መንገድ በማቋረጥ ወደ ባሕር ዳር የመጣችው «ጣናነሽ 2» ለዚህ መስመር ተስፋን አድሳለች። ይሁን እንጂ መርከብ ማምጣት የጉዳዩ ግማሽ ነው። ከባዱ ጥያቄ ከ10 እና ከ20 ዓመት በኋላም በሰዓቷ እንድትነሣ የሚያስችለው ገንዘብ ከየት ይገኛል የሚለው ነው።

ወጪው የት ላይ ነው?

የመርከብ ወጪ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው በየጉዞው የሚወጣው ነው፤ ናፍጣና ዘይት። ሁለተኛው መርከቧ ብትጓዝም ባትጓዝም የሚከፈለው ነው፤ የመርከበኞች ደመወዝ፣ መድን፣ የወደብ ጥበቃ። ሦስተኛው ለዓመታት ሳይታይ የሚከማቸው ነው፤ መርከቧን ከውኃ አውጥቶ ዝገቷን ማስወገድና ቀለም መቀባት፣ ሞተር ማደስ፣ በመጨረሻም አሮጌዋን በአዲስ መተካት።

ትኬት ብዙውን ጊዜ የሚሸፍነው የመጀመሪያውን፣ ሲሳካም ከሁለተኛው የተወሰነውን ነው። ለምሳሌ የአንድ ጉዞ ወጪ 20 ሺህ ብር ነው እንበል። 100 ሰው ቢሳፈር የእያንዳንዱ ድርሻ 200 ብር ይሆናል፤ 40 ሰው ብቻ ቢሳፈር ወደ 500 ብር ያሻቅባል። መርከቧ የምታቃጥለው ናፍጣ ግን በሁለቱም ጉዞ ተቀራራቢ ነው። በገበያና በበዓል ቀን የሚሞላው መርከብ በሌላው ቀን ባዶውን ይሄዳል። ባዶ ነው ተብሎ ጉዞው ሲቀነስ ተሳፋሪው ፊቱን ወደ ሌላ ማጓጓዣ ያዞራል፤ ገቢው የባሰውን ይወርዳል።

ሐይቁም የራሱ ሒሳብ አለው። በዓባይ መውጫ ላይ በ1988 ዓ.ም የተሠራው የጨረጨራ ግድብ የሐይቁን ውኃ ለኃይል ማመንጫ ይቆጣጠራል። በ1995 ዓ.ም ዝናብ በማነሱና ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውኃ በመብዛቱ የሐይቁ ከፍታ ለመርከብ ጉዞ ከሚያስፈልገው 1 ሺህ 784 ነጥብ 75 ሜትር በታች ወርዶ፣ መርከቦች ለወራት ሥራ አቁመው ነበር። በ2002 ዓ.ም የተመረቀው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም ውኃውን የሚወስደው ከዚሁ ሐይቅ ነው። ከ2004 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ የተስፋፋው እምቦጭ ደግሞ የወደብ መግቢያን ይዘጋል፤ በሞተር ማሽከርከሪያ ላይም ይጠመጠማል። መርከብ በቆመበት ቀን ትኬት አይሸጥም፤ ደመወዝ ግን ይከፈላል።

ሌሎች ምን አደረጉ?

በኖርዌይ ብዙ የመኪና ማሻገሪያ መርከቦች የሀገሪቱ አውራ መንገድ አካል ሆነው ይታያሉ። መንግሥት የጉዞውን ብዛትና ሰዓት ይወስናል፤ ኩባንያዎች ተወዳድረው ለዓመታት የሚቆይ ውል ይይዛሉ፤ ትኬት የማይሸፍነውን መንግሥት ይከፍላል። ውሉ ረጅም በመሆኑ ኩባንያው በአዲስ መርከብ ላይ ገንዘብ ለማዋል ይደፍራል። በኤሌክትሪክ የምትሠራው የመኪና ማሻገሪያ መርከብ «አምፔር» በ2007 ዓ.ም ሥራ የጀመረችው በዚህ አሠራር ነው።

የስኮትላንድ ልምድ ማስጠንቀቂያም አለበት። በ2001 ዓ.ም በሙከራ የተጀመረው አሠራር የደሴቶቹን የመርከብ ዋጋ ያንኑ ርቀት በመኪና ለመጓዝ ከሚጠይቀው ወጪ ጋር አስተካከለ። ሕዝቡ ተጠቀመ፤ ተጓዡም በዛ። መርከቦቹ ግን አረጁ፤ ምትካቸውም ዘገየ። ለ2010 ዓ.ም ይደርሳል የተባለው «ግሌን ሳኖክስ» ሥራ የጀመረው በ2017 ዓ.ም ነው። በዚያ መካከል በተደጋጋሚ ብልሽት ጉዞ እየተሰረዘ ነዋሪው ሲቸገር ቆይቷል። ዋጋ መደጎም ብቻውን መርከብ አይተካም።

ጥገናና ቁጥጥር ሲላላ የሚከፈለው ዋጋ ከገንዘብም በላይ ነው። በታንዛኒያ የቪክቶሪያ ሐይቅ ክፍል መስከረም 10 ቀን 2011 ዓ.ም የሰጠመችው «ኤምቪ ኔሬሬ» 101 ሰው እንድትጭን የተፈቀደላት ነበረች። በአደጋው የሞቱት ከ220 በላይ ናቸው። የመርከብ ጉዞ ባነሰ ቁጥር ባለው ጉዞ ላይ የሚታጨቀው ሰው ይበዛል፤ ስለዚህ የጉዞ ብዛት የምቾት ብቻ ሳይሆን የደኅንነትም ጉዳይ ነው።

ለጣና የሚስማማው መንገድ

ከእነዚህ ልምዶች አራት ነገሮች ይጨበጣሉ። የመጀመሪያው መስመሮችን በሒሳብ መለየት ነው። ገዳማትን ለመጎብኘት የሚመጣው እንግዳ የሚከፍለው ዋጋና ከደቅ ለሕክምና የሚሻገረው አርሶ አደር የሚከፍለው ዋጋ አንድ ሊሆን አይገባም፤ የጉብኝቱ ትርፍ የደሴቱን መስመር ሊደግፍ ይችላል። ሁለተኛው የማያተርፈውን ነገር ግን አስፈላጊውን ጉዞ መንግሥት በግልጽ ውል እንዲገዛው ማድረግ ነው፤ በሳምንት ስንት ጉዞ፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ያህል ክፍያ የሚለው አስቀድሞ ይጻፋል።

ሦስተኛው የጥገናና የመተኪያ ገንዘብ ከዕለት ወጪ ተለይቶ በራሱ የባንክ ሒሳብ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ በመሆኑ፣ ሞተሩ ከተበላሸ በኋላ ገንዘብ መፈለግ የወራት መቋረጥን ያስከትላል። አራተኛው የሐይቁ ውኃ አለቃቀቅ ሲወሰንና እምቦጭ ሲወገድ የመርከብ ትራንስፖርቱም ድምፅ እንዲኖረው ማድረግ ነው።

የገጠር መንገድ ሲጠረግ አተረፈ ወይስ ከሰረ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሚለካው ስንት ሰው ከገበያና ከጤና ጣቢያ ጋር አገናኘ ተብሎ ነው። የደሴቱ ነዋሪ መንገዱ ውኃ በመሆኑ ብቻ የተለየ መለኪያ ሊቀመጥለት አይገባም። የተሻለ መርከብ በተገኘበት በዚህ ወቅት፣ ገና ሥዕለቷ ሳይደበዝዝ የነገውን ጥገና ዛሬ በበጀት መያዝ ከነገው ብልሽት ይረክሳል።