ልጁ የማን ነው?

«ሬፊውጂ ቦይ» (ስደተኛው ልጅ) የተባለው የቤንጃሚን ዘፈናያ የታዳጊዎች ልብ ወለድ የሚጀምረው ሐረር ውስጥ ነው። ወታደሮች በሌሊት በር ሰብረው ይገቡና ኢትዮጵያዊውን አባት ኤርትራዊት ማግባቱን እንደ ክህደት ይቆጥሩበታል፤ አገር ለቀው እንዲወጡም ያስፈራሯቸዋል። ቀጥሎ ቤተሰቡን አስመራ እናገኘዋለን። እዚያም በሩ ይሰበራል፣ ዛቻውም ያው ነው፤ የተለወጠው የሚከሰሰው ወገን ብቻ ነው። ደራሲው ሁለቱን ትዕይንቶች ቃል በቃል ሊባል በሚችል ደረጃ ያመሳሰላቸው አውቆ ነው። ጦርነቱ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል የተካሄደው ነው፤ መጽሐፉ በእንግሊዝ የታተመው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001። የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸውን ዓለምን አባቱ ለጉብኝት አስመስሎ ወደ እንግሊዝ ይወስደዋል። ልጁ ጠዋት ሆቴል ውስጥ ሲነቃ አባቱ የለም፤ ያለው ደብዳቤ ነው።

ከዚያ በኋላ ታሪኩን የሚነዳው «ልጁ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። የጥገኝነት ጥያቄውን የሚያየው ፍርድ ቤት መልሱን በወረቀት ይፈልጋል። ምሥራቅ ለንደን ያለው አሳዳጊ ቤተሰብ ግን በምግብና በመኝታ ይመልሳል፤ የትምህርት ቤት ጓደኞቹም እንዳይባረር ዘመቻ ያደርጉለታል። ይህ መጽሐፍ ለምዕራብ ሐረርጌዋ ከተማ ለመቻራና ለአካባቢው ልጆች ቅርብ ነው የምለው ታሪኩ ሐረርን ስለሚያነሳ ብቻ አይደለም። የምዕራብ ሐረርጌ ልጅ ጉዲፈቻን ያውቃል። በኦሮሞ ባህል በጉዲፈቻ የገባ ልጅ እንደ አብራክ ልጅ ይቆጠራል፣ በአሳዳጊው ስም ይጠራል፣ ይወርሳል፤ ማኅበረሰቡም ለዚህ ምስክር ነው። አማርኛው ሕጋችን እንኳን ለነገሩ የሚጠቀመው ይህንኑ የኦሮምኛ ቃል ነው። ስለዚህ የለንደኑ ዳኛ የሚቸገርበት ጥያቄ እዚህ የቆየ መልስ አለው፤ ልጅነት በደም ብቻ ሳይሆን በምስክር ፊት በተገባ ቃልም ይጸናል።

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» የሚል ይኖራል። ከዚህ የሚከብደው መቃወሚያ ግን ሌላ ነው፦ በማደጎ ስም ልጅን ለጉልበት ሥራ የሚፈልግ አለ፣ የወለዱትን ስም የሚደብቅበት አለ፣ ሲሰለቸው የሚመልስም አለ። እውነት ነው፤ ለዚህም ከገጣሚው ለምን ሲሳይ ሕይወት የጠነከረ ማስረጃ አላውቅም። ለትምህርት እንግሊዝ ከሄደች ኢትዮጵያዊት እናት እ.ኤ.አ. በ1967 ተወለደ። ለአሳዳጊዎች ተሰጥቶ ኖርማን ተባለ፤ እናቱ ልጇ እንዲመለስላት በደብዳቤ ብትጠይቅም አልተመለሰላትም። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው አሳዳጊዎቹ መለሱት፤ ቀሪውን የልጅነት ዕድሜ በሕፃናት ማሳደጊያዎች አሳለፈ። እውነተኛ ስሙን ያወቀው ጎርምሶ ነው።

ይህ ታሪክ ግን የማሳደግን ከንቱነት አያሳይም። የሚያሳየው ልጁን ከመነሻው የቆረጠው ዓይነት ማሳደግ ምን እንደሚያደርስ ነው። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር እንደማይቋረጥ ይደነግጋል። ሁለት ቤት ያለው ልጅ አንዱን እንዲክድ መገደድ የለበትም ማለት ነው፤ ዓለምም በሁለት አገር የተባረረው ይህንኑ ክህደት ስለተጠየቀ ነው። በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሳው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲፈናቀሉ፣ አባቱ ከአንዱ እናቱ ከሌላው ወገን የሆነ ልጅ ያን የተሰበረ በር ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም ነበር።

«ሬፊውጂ ቦይ»ን እ.ኤ.አ. በ2013 ለመድረክ ያዘጋጀው ራሱ ለምን ሲሳይ ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ ያሳተመውን የሕይወት ታሪኩን ርዕስ ከስሙ ትርጉም ወሰደ። እንግሊዛዊ አንባቢ ያንን ትርጉም እንዲያገኝ መጽሐፉን መግለጥ አለበት፤ አማርኛ የሚያነብ የመቻራ ልጅ ግን ገና የደራሲውን ስም ሲያይ እናትየው ለልጇ የተወችለትን ጥያቄ ይሰማል።