ከሰኔ 30 በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ምን ይሠራል?

ሰኔ 30 ለኢትዮጵያ ተማሪ ከበዓል አይተናነስም። ካርድ ይታደላል፣ ደረጃ ይጠያየቃል፣ ዓመቱን ሙሉ «ሰኔ 30 እንገናኝ» እየተባለ ሲቀጠር የከረመ ጠብ ካለም ያን ቀን ይወራረዳል። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። ሐምሌ፣ ነሐሴና ጳጉሜን ሲደመሩ 65 ቀን ናቸው፤ መስከረም እንደጠባ ወዲያው ክፍል ስለማይገባም ዕረፍቱ ከዚያ ይረዝማል። አዳማ ላይ ይህ ጊዜ እንደ ደጋው አገር ቤት አያስውልም። ዝናቡ ዘንቦ፣ ከተማዋን ከከበቧት ኮረብታዎች የወረደው ጎርፍ መንገዱን አጥቦ ካለፈ በኋላ ልጁ ተመልሶ ደጅ ነው። ኳስ የሚያባርር አለ፣ ስልክ ላይ ተደፍቶ የሚውል አለ፣ ቆሎና ማስቲካ ይዞ መናኸሪያ የሚዞር አለ። መቂና ባቱ ላይ ከወላጆቹ ጋር ማሳ የሚወርደው፣ ከአርሲ ነገሌና ከሻሸመኔ ደግሞ ከብት እንዲጠብቅ ገጠር ወዳሉት አያቶቹ የሚላከው ብዙ ነው።

ለዚህ ጊዜ የሚሆን አንድ ቤት ግን አለ፤ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት። ከትምህርት ቤትና ከዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሚለየው፣ በሩን ለማለፍ የማንም ተማሪ መሆን ስለማያስፈልግ ነው። ሊስትሮውም፣ ጡረተኛውም፣ ሥራ ፈላጊውም እኩል ይገባሉ። ዩኔስኮ በ1949 እ.ኤ.አ. አውጥቶ በ2022 እንደገና ያሻሻለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫም አገልግሎቱ በመርህ ደረጃ ከክፍያ ነፃ እንዲሆን ይጠይቃል። በእኛ አገር በአመዛኙ የሚያስተዳድሩት የባህል ዘርፍ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። በዚህ ምክንያት ይመስለኛል ቤቱ ከትምህርት ጉዳይ ይልቅ ከቅርስ ጉዳይ ጋር ተቆጥሮ፣ በጀት ሲከፋፈል ድምፁ የማይሰማው።

አዲስ ገቢ ሥርዓቱን በአምስት ደቂቃ ይለምደዋል። ጥበቃው ይፈትሻል። ቦርሳ በር ላይ ይቀርና በምትኩ ቁጥር የተጻፈባት ካርቶን ትሰጣለች። ጠረጴዛው ላይ በክር የታሰረ እስክሪብቶና ትልቅ መዝገብ አለ፤ ስም፣ ፆታ፣ ሥራ፣ የገባበት ሰዓት፣ ፊርማ። መጽሐፍ የፈለገ መታወቂያውን አስይዞ ይወስዳል፣ እዚያው አንብቦ ይመልሳል። ወደ ቤት ማዋስ በብዙ ቦታ ወይ የለም፣ ወይ ዋስና ማስያዣ ይጠይቃል። ወደ ንባብ አዳራሹ ሲገባ ደግሞ አንድ ነገር ዓይን ይስባል። ሰው ሞልቷል፤ ከመደርደሪያ የወረደው መጽሐፍ ግን ጥቂት ነው። ጠረጴዛው ላይ የተደረደረው ተማሪው ራሱ ይዞት የመጣው ደብተር፣ ወርክሽትና የድሮ ፈተና ፎቶ ኮፒ ነው።

ይህን የሚታዘብ ሰው ወጣቱን ሊወቅስ አይገባም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ቤቱ አንድ ክፍል የሆነበት፣ ማታ ማታ መብራት የሚጠፋበት፣ ታናናሾቹ የሚንጫጩበት ልጅ ከቤተ መጻሕፍት የሚፈልገው ወንበርና ጸጥታ ነው። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ሰኔ ቤቱ ማጥኛ ነው። ሕፃን ይዞ ለሚመጣ ሰው ቦታ የለም፤ ቢኖርም ሕፃኑ ድምፅ ባሰማ ቁጥር አዳራሹ ሙሉ ቀና ብሎ ያየዋል።

ፈተናው ካለፈ በኋላ ግን ወንበሩ ይለቀቃል። የክረምት መርሐ ግብር የሚባለው ነገር መነሻው ይኸው ነው፤ በዓመቱ ውስጥ ቤተ መጻሕፍቱ ለልጆች ቤተ መጻሕፍት መሆን የሚችልበት ጊዜ ይህ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

በአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይህን የተገነዘቡት ቀደም ብለው፣ በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ክሊቭላንድን በመሳሰሉ ከተሞች ልጆች በማኅበር ተደራጅተው፣ መጽሐፍ በንጽሕና ለመያዝ ቃል ገብተው፣ በዕረፍታቸው ያነበቡትን ያስመዘግቡ ነበር። በኋላ ጥናት ተከተለ። ባርባራ ሄንስ የተባሉ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ የአትላንታ ተማሪዎችን ተከታትለው፣ በደሃና በሀብታም ልጆች መካከል ያለው የትምህርት ልዩነት ከትምህርት ወራት ይልቅ በዕረፍቱ ወራት እንደሚሰፋ አሳዩ። በዕረፍቱ ያነበቡት ልጆች ዕውቀታቸው እንዳልቀነሰ፣ እንዲያውም እንደጨመረም አገኙ። ለእኛ ወላጅ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በሰኔ ቁጭ ብሎ ያነብ የነበረው የሁለተኛ ክፍል ልጅ በመስከረም ፊደል ሲጎትት ያላየ የለም።

ጉዳዩ ከዕረፍት መርሳትም ይብሳል። በ2002 ዓ.ም. በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶው ገደማ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ለእነዚህ ልጆች ክረምት የተማሩትን የሚረሱበት ጊዜ ሳይሆን ከባዶ የሚነሱበት ዕድል ነው።

እኛ ጋ ለዚህ የሚሆን ጉልበት አለ። በየዓመቱ በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ከዩኒቨርሲቲ የተመለሱ ተማሪዎች ችግኝ ይተክላሉ፣ የአቅመ ደካሞችን ቤት ያድሳሉ፣ ደም ይለግሳሉ፣ የማጠናከሪያ ትምህርትም ይሰጣሉ። ማጠናከሪያው አብዛኛውን ጊዜ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና ፊዚክስ ነው። ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ካለ ያው ክፍል ነው፤ ልጁ ዕረፍት ላይ ሆኖ እንደገና ተማሪ ይሆናል። ይጠቅማል፣ አይካድም። የቤተ መጻሕፍት የክረምት ሥራ ግን ሌላ መልክ አለው፤ ልጁን ፈተና የሌለበት ንባብ ያስለምደዋል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ጠረጴዛዎቹ ወደ ግድግዳ ይገፋሉ፣ መሬት ላይ ምንጣፍ ወይም ሰሌን ይነጠፋል። አንድ ወጣት መጽሐፉን በጎኑ ይዞ፣ ሥዕሉ ለልጆቹ እንዲታይ ወደ እነሱ አዙሮ ያነባል። ጥሩ አንባቢ የሚታወቀው ገጹን ከመግለጡ በፊት ቆም ሲል ነው፤ «ጅቡ ምን ያለው ይመስላችኋል?» ይላል፣ ሃያ እጅ ይነሣል፣ ሃያ የተለያየ ጅብ ይወለዳል። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ለአሠርት ዓመታት ያደረጉት ይኸው ነበር፤ ልዩነቱ እዚህ ልጁ መልስ ሲሰጥ የሚሰማው መኖሩ ነው። ተረቱ ሲያልቅ መጽሐፉ መሀል ይቀመጣል። ተሻምተው የሚያነሡት ልጆች ማንበብ የሚችሉት ብቻ አይደሉም፤ የማይችለውም አንሥቶ የሰማውን ከሥዕሉ ጋር እያያዘ ይተርካል። ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ በስሙ የተዘጋጀች ካርድ ላይ የመጽሐፉን ርዕስ ይጽፋል። ሽልማት የግድ አይደለም፤ ካርዷ መሙላቷ ራሱ ያኮራል። በቀን 20 ገጽ ያነበበ ልጅ በ65 ቀን 1,300 ገጽ ይሆንለታል።

አዳማ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር መታሰብ አለበት። የከተማዋ ልጅ በሁለት ቋንቋ ነው የሚያድገው። በአማርኛ የሚማረው በግዕዝ ፊደል፣ በአፋን ኦሮሞ የሚማረው በ1984 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው ቁቤ ያነባል፤ ሰፈር ሲመለሱ ግን አንድ ኳስ ነው የሚጫወቱት። ቤተ መጻሕፍት ይህን ለማስተናገድ ከትምህርት ቤት ይልቅ ይመቻል፤ ክፍል የሚለያቸውን ልጆች አንድ ምንጣፍ ላይ ያስቀምጣቸዋል። የመጻሕፍት አመዳደቡም ሳያስበው ያግዛል። ሜልቪል ዲዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ባወጣውና ዛሬም በብዙ ቤተ መጻሕፍት በሚሠራበት አከፋፈል፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ በ892.8 ሥር ሲመደብ አፋን ኦሮሞ ያለበት የኩሽ ቋንቋዎች ሥነ ጽሑፍ 893.5 ላይ ይውላል። ጀርባቸው ላይ ቁጥሩ ተለጥፎ ሲደረደሩ ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው። ተረቱን አንድ ቀን በአማርኛ፣ በማግስቱ በአፋን ኦሮሞ ማንበብ ምንም ወጪ የለውም።

መጽሐፍ በስምጥ ሸለቆ እንግዳ አይደለም። የዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ትውፊት እንደሚለው፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ታቦተ ጽዮንንና መጻሕፍትን ይዘው የተጠለሉት በቱሉ ጉዶ፣ በደብረ ጽዮን ነው። የብራና መጻሕፍት ዛሬም እዚያ አሉ። መጽሐፍ መደበቅና መጠበቅስ እናውቅበታለን፤ የቸገረን ማዋሱ ነው። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው መጽሐፍ ከጠፋ ከደመወዙ እንደሚቆረጥ እየፈራ ለሕፃን አይሰጥም፤ በመስታወት ቁምሣጥን ቆልፎ ያስቀምጠዋል። ሕፃን ያልነካው መጽሐፍም በምስጥና በአቧራ ያልቃል። የትኛው ኪሳራ እንደሚሻል መምረጥ ካለብን፣ በሕፃን እጅ መቀደዱ ይሻላል።

በዚህ ረገድ የሚጠቀስ ሰው አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ናቸው። ተወልደው ያደጉት በነገሌ ቦረና ነው፤ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጭ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያነበቡት በ19 ዓመታቸው ነበር። ተሰደው አሜሪካ ከገቡ በኋላ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በልጆች ክፍል ሲሠሩ፣ በየቋንቋው ከተደረደሩት የልጆች መጻሕፍት መካከል የአማርኛ አጡ። ራሳቸው ጻፉ። ከደራሲዋ ጄን ከርትዝ ጋር ሆነው «ኢትዮጵያ ሪድስ» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ በ2002 እ.ኤ.አ. 15,000 መጻሕፍት ይዘው ተመለሱና በቀጣዩ ዓመት አዲስ አበባ በመኖሪያ ቤታቸው የሾላ ልጆች ቤተ መጻሕፍትን ከፈቱ። ከሻሸመኔ የአጭር ሰዓት መንገድ በሆነችው ሐዋሳ ደግሞ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ። ጋሪው በጎንና በጎኑ ይከፈታል፣ ውስጡ መደርደሪያ ነው፤ ጥላ ያለበት ዛፍ ሥር ሲቆም ልጆች ዙሪያውን ይሰፍራሉ። በ2008 እ.ኤ.አ. ሲኤንኤን ከዓመቱ ጀግኖች አንዱ አድርጎ መርጧቸዋል።

እኔን የሚገርመኝ ሽልማቱ ሳይሆን ጋሪው ነው። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ በጋሪ ያልተጓዘ፣ በጋሪ ያልጫነ ከተሜ ማን አለ? ዕውቀቱም፣ ባለሙያውም፣ እንስሳውም እዚሁ ነው። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከፓርላማው ፊት ለፊት የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሚሊዮን መጻሕፍት እንዲይዝ የታነጸ ግሩም ሕንጻ ነው፤ ለአገር ኩራት ይሆናል። የመቂ ልጅ ግን በክረምት አራት ኪሎ አይሄድም። ለእሱ የሚሆነው ገበያ ዳር የሚቆም አንድ ጋሪ፣ ወይም ለሁለት ወር ቁልፏ የተከፈተ አንዲት ክፍል ናት።

ስለ መጽሐፍ ልገሳም አንድ ነገር መነገር አለበት። ከውጭ በኮንቴይነር የሚመጣው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ስለ በረዶና ስለ ሃሎዊን የሚያወራ፣ አንዳንዴም ለጋሹ ቤት ቦታ ስላጣበበ ብቻ የተላከ ነው። ልጁ ሥዕሉን አይቶ ይመልሰዋል። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የታተመ ስስ የተረት መጽሐፍ አሥሩ ከዚያ ሣጥን ይበልጣል።

ስለዚህ አዳማ፣ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ ሻሸመኔ ያላችሁ ወላጆች፣ ሐምሌ ሲገባ ልጃችሁን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሂዱና «የልጆች የንባብ ሰዓት አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። «የለም» ከተባላችሁ ስማችሁንና የልጃችሁን ስም መዝገቡ ላይ ጻፉ፤ ለዕቅድና ለሪፖርት የሚቆጠረው ያ መዝገብ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የተመለሳችሁ ወጣቶችም ለበጎ ፈቃድ ስትመዘገቡ በሳምንት ሁለት ከሰዓት ለተረት ንባብ ይያዝልን በሉ። የሚያስፈልጋችሁ አንድ ስስ መጽሐፍና ከፍ ያለ ድምፅ ነው።