ቪዛ የመሰረዝ ሥልጣንና ሕገ መንግሥታዊ ገደቡ

ለሥራ ወደ ጊንጪ ከተማ የመጣ አንድ የውጭ አገር ዜጋ ከአካባቢው አስተዳደር ጋር ባይግባባ፣ ቪዛውን ሰርዞ ከአገር እንዲወጣ ማዘዝ የሚችለው የትኛው አካል ነው?

የወረዳ፣ የዞንም ሆነ የክልል አስተዳደር ይህ ሥልጣን የለውም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 18 የኢሚግሬሽን፣ የፓስፖርት እንዲሁም ወደ አገር የመግባትና የመውጣት ጉዳዮችን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። ዝርዝሩ የተደነገገው በኢሚግሬሽን አዋጅ ቁጥር 354/1995 ነው።

የፌዴራሉም አስፈጻሚ አካል ቢሆን ገደብ አለበት። አንቀጽ 32 በአገሪቱ የመዘዋወር፣ የመኖሪያ ቦታ የመምረጥና በፈለጉት ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነትን ለኢትዮጵያውያን ብቻ ሳይሆን በሕጋዊ መንገድ በአገሪቱ ለሚገኙ የውጭ ዜጎችም ያረጋግጣል። ክርክሩ የሚነሳው “በሕጋዊ መንገድ” ከሚለው ሐረግ ነው። ቪዛው የተሰረዘበት ሰው የመብቱን መሠረት ያጣልና፣ አሰራረዙ ራሱ ሕግን የተከተለ ካልሆነ ድንጋጌው ትርጉም አይኖረውም። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አንቀጽ 13ም፣ በሕጋዊ መንገድ የገባ የውጭ ዜጋ በሕግ መሠረት በተሰጠ ውሳኔ ካልሆነ እንዳይባረር ይከለክላል። አስገዳጅ የብሔራዊ ደኅንነት ምክንያት ከሌለም መቃወሚያውን የማቅረብና ጉዳዩን የማስመርመር ዕድል እንዲያገኝ ያዛል።

የአሠራር ጉድለት ምን እንደሚያስከትል ከ1990 ዓ.ም ወዲህ የታየው የኢትዮ ኤርትራ ጦርነት ወቅት ያሳያል። በዚያን ጊዜ ከአገር የወጡት ኤርትራዊ ትውልድ ያላቸው ሰዎች 75 ሺህ ገደማ እንደሚሆኑ ሂዩማን ራይትስ ዎች ገምቷል። በሄግ የተቋቋመው የኤርትራና ኢትዮጵያ የካሳ ኮሚሽን ታኅሣሥ 8 ቀን 1997 ዓ.ም በሰጠው ከፊል ውሳኔ፣ በደኅንነት ማጣራት ያለፉ የሁለት አገር ዜግነት ያላቸውን ሰዎች ዜግነት ማሳጣትና ማስወጣት በጦርነት ጊዜ ሕጋዊ እንደነበር ተቀብሏል። ይሁንና የአካባቢ ባለሥልጣናት ይህን ማጣራት ሳይከተሉ በግዳጅ ያስወጧቸውን ሰዎች በተመለከተ ድርጊቱ የዘፈቀደና ሕገ ወጥ ነው በማለት ኢትዮጵያን ተጠያቂ አድርጓል። የአካባቢ ሹም የፈጸመው ተግባር የተቆጠረው በአገሪቱ ስም ነው። ለወረዳ አስተዳደሮች ከዚህ የበለጠ ትምህርት ያለ አይመስልም።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ሁኔታው ይለወጣል። በመስከረም 2009 ዓ.ም የታወጀውን አዋጅ ተከትሎ ዲፕሎማቶች ያለ ፈቃድ ከአዲስ አበባ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይጓዙ ተከልክለው ነበር። በአምቦ መንገድ ከዚያ ርቀት በላይ የምትገኘው ጊንጪም በእገዳው ክልል ውስጥ ወድቃለች። እገዳው ከሳምንታት በኋላ ተነስቷል። አንቀጽ 93 እንዲህ ያለውን ገደብ ቢፈቅድም ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 እና የእኩልነት መብትን የሚደነግገው አንቀጽ 25 ሊታገዱ አይችሉም።

የዲፕሎማቶች ጉዳይ የተለየ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። በ1961 እ.ኤ.አ የተፈረመው የቪየና ስምምነት ተቀባይ አገር ምክንያት ሳትገልጽ ዲፕሎማትን ተቀባይነት የለውም እንድትል ይፈቅዳል። ተራ ቪዛ ለያዘ ባለሙያ ወይም ባለሀብት ግን ይህ አይሠራም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ተቋማት ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ቅር የተሰኘ ሰው ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤቱታ የሚያቀርብበትን መንገድም ዘርግቷል። ፍትሕ የማግኘት መብትን የሚደነግገው አንቀጽ 37ም “ማንኛውም ሰው” ይላል እንጂ “ማንኛውም ዜጋ” አይልም።

ስለሆነም በጊንጪ የሚሠራ ኃላፊ የአንድ የውጭ ዜጋ ቆይታ አጠራጣሪ ሆኖ ካገኘው፣ ያየውን ከነማስረጃው በጽሑፍ አዘጋጅቶ ለፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ተቋም ያቀርባል። የወንጀል ጥርጣሬ ካለም ጉዳዩን ለፖሊስ ይመራል።