በኪሮሽ የሚሠራው የመጸው ዱባ

የበጋው ሙቀት አልፎ ውርጩ ገና ሳይጠና፥ ዛፉ ሁሉ ኅብረ ቀለሙን ለውጦ ቅጠሉን በሚያረግፍበት በመጸው ወራት፥ በሰሜን አሜሪካ በየደጃፉና በየመስኮቱ ዱባ ተደርድሮ ይታያል፤ ምዕራባውያን ኦክቶበር 31 ቀን የሚያከብሩት የኵሉ ቅዱሳን በዓል ዋዜማ አልፎ፥ በዩናይትድ ስቴትስ በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ የሚውለው የምስጋና በዓል እስኪፈጸምም ድረስ ከስፍራው አይነሣም። ነገር ግን ዱባ ኃላፊ ፍሬ ነውና፥ ይልቁንም ሆዱ ተፈልፍሎ ዐይንና አፍ የተቀረጸለት እንደ ሆነ፥ ከሳምንት ብዙም ሳይዘልቅ ይሻግታል። የኪሮሽ መርፌ የለመደች እጅ ግን የዚህን ፍሬ አምሳል በክር ሠርታ፥ ወራቱ ሲያልፍ በሣጥን አኑራ፥ በዓመቱ መልሳ ታወጣዋለች።

ዱባ ራሱ የዚያው አህጉር ተወላጅ ነው፤ በሜክሲኮ አገር በዋሐካ ዋሻ የተገኘው ዘር እንደሚመሰክረው፥ ሰው ማልማት ከጀመረው 10,000 ዓመት ገደማ ሆኖታል። እየፈለፈሉ ፋኖስ ማድረጉ ግን ከባሕር ማዶ ከአየርላንድ የመጣ ልማድ ሲሆን፥ አይሪሾች በአገራቸው ተርኒፕ የተባለውን ሥራ ሥር ይቀርጹ ነበርና፥ በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ አሜሪካ በብዛት ሲሰደዱ፥ ከርሱ የሚበልጥና ለቢላዋ የሚመች ዱባ ስላገኙ ፊታቸውን ወደዚያ መለሱ። ኪሮሽም ለዚሁ ሕዝብ ባለውለታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 የድንቹ ሰብል በበሽታ ጠፍቶ ጽኑ ረኃብ በሆነ ጊዜ፥ በኮርክ አጠገብ የኡርሱላ ማኅበር ደናግል ይህን ጥበበ እድ ለሴቶች ያስተምሩ ነበር፤ በ1847ም ክሎንስ በምትባለው ከተማ የአንድ ቄስ ባለቤት የነበሩት ካሳንድራ ሃንድ ለችግረኞች ሴቶች ሥራውን አቋቁመው፥ ከዳንቴሉ ሽያጭ የተገኘው ገንዘብ ለብዙ ቤተ ሰብ የዕለት ጉርስ ሆነ።

ዱባውን የሚሠሩበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ከታችኛው እምብርት ተነሥቶ፥ እየዞሩና በየዙሩ እየጨመሩ ሆዱን ካሰፉ በኋላ እየቀነሱ መዝጋት ነው፤ ይህ ጃፓኖች አሚጉሩሚ የሚሉት የአሻንጉሊት አሠራር ስለ ሆነ አልዘገይበትም። ከርሱ የሚበልጥብኝ ሁለተኛው ነው። በ5 ሚሊሜትር መርፌና ወፈር ባለ ክር ሰንሰለት ይጣልና፥ በላዩ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ አራት ማዕዘን ጨርቅ ይሠራሉ። ምሥጢሩ ያለው መርፌው በሚገባበት ቦታ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ዐይን በአናቱ የፊትና የኋላ ሁለት ክር አለውና፥ መርፌው እንደ ልማዱ ከሁለቱ በታች ሳይሆን ከኋለኛው በታች ብቻ ቢገባ፥ የተተወው የፊት ክር ጎልቶ ይቀራል፤ ረድፉም በተደጋገመ ቍጥር ጨርቁ ትልም በትልም ይሆናል። የጨርቁ ርዝመት የወርዱ እጥፍ ይሁን፤ ለ20 ሳንቲሜትር ወርድ 40 ሳንቲሜትር ርዝመት ማለት ነው፤ ርዝመቱ የዱባው ወገብ ዙሪያ፥ ወርዱም ከእምብርቱ እስከ አናቱ ያለው ጎኑ ስለሚሆን፥ የድቡልቡል ነገር ጎን ደግሞ የዙሪያው እኩሌታ ስለ ሆነ ነው።

ሁለቱ ዳርቻዎች ሲሰፉ ጨርቁ እንደ እጅጌ ይሆናል፤ የታችኛው አፍ በክር ተወስውሶ ይሳባል፥ ጥጥ ይሞላል፥ የላይኛውም እንዲሁ ተስቦ ይዘጋል። እስከዚህ ድረስ በእጅ ያለው ኳስ እንጂ ዱባ አይደለም። ጠንካራ ክር የያዘ ረጅም መርፌ ካናቱ ገብቶ ጥጡን ሰንጥቆ በታች ይወጣል፤ ክሩም በውጭ በኩል አንዱን ትልም ተከትሎ ወደ ላይ ይመለስና ዳግመኛ ይገባል፤ በጠበቀም ጊዜ ጨርቁ በመስመሩ ስርጉድ ሲል ግራና ቀኙ ያብጣል፤ ይህ ስድስት ወይም ስምንት ጊዜ ዙሪያውን ሲደገም፥ አናቱና መቀመጫው ወደ ውስጥ ገብተው ሆዱ ሽንሽን ሆኖ፥ እውነተኛው የዱባ መልክ ይገለጣል። ጥጡ ከበዛ በዐይኖቹ መካከል ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ካነሰም ክሩ ሲሳብ ፍሬው ይሟሽሻል። ለጉጡ በቡናማ ክር ጥቂት ዙር መሥራት ይበቃል፤ የቀረፋ እንጨት የሚሰኩም አሉ፥ መዓዛው ከወራቱ ጋር ስለሚስማማ እኔም ይህንኑ እመርጣለሁ። የሐረጉ ጥምዝ ደግሞ አጭር ሰንሰለት ጥሎ በእያንዳንዱ ዐይን ሦስት ሦስት ጊዜ በመሥራት ይገኛል፤ ቦታ የጠበበው ክር በገዛ ራሱ ይጠመዘዛል።

ለሹራብ እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ እ.ኤ.አ. በ1589 መኪና አበጅቶለታል፤ ለኪሮሽ ግን ለገበያ የሚያመርት መኪና እስከ ዛሬ አልወጣለትም፤ ስለዚህ እውነተኛ የኪሮሽ ዱባ የትም ቢሸጥ አንድ ሰው በእጁ የሠራው ነውና፥ የሚገዛው ሰው ዋጋውን ሲጠይቅ የሠሪዋን ሰዓት አብሮ ማሰብ ይገባዋል።

የሶፋና የጠረጴዛ ዳንቴል ስትሠራ ላደገች፥ ዛሬ ግን በዋሽንግተን ዙሪያ ልጆች ለምታሳድግ ኢትዮጵያዊት ይህ ሥራ አያስቸግራትም፤ የምትለውጠው ነገር ቢኖር፥ በዳንቴል ውበት የነበረው ቀዳዳ በዱባ ነውር ስለ ሆነ፥ በክሩ ማሸጊያ ላይ ከተጻፈው ቍጥር ጥቂት ቀጠን ያለ መርፌ ይዛ ጠበቅ አድርጋ መሥራት ነው። ክሩም የሚሞላውም ጥጥ ብዙውን ጊዜ ሰው ሠራሽ ስለ ሆነ እሳት ሲነካው ይቀልጣል፥ ይቀጣጠላልም፤ ስለዚህ እንደ ተቀረጸው ዱባ ሻማ የሚበራበት እንዳይመስላችሁ፥ ከምድጃም ከሻማም አርቃችሁ እንድታስቀምጡት አደራ እላለሁ።